ዓሣዎቼን አታጉርሱብኝ!

ወገን፣ ዛሬስ መናገሬ ነው። ቢያንስ እዚህ ልተንፍስ፤ ቤት ውስጥማ የሚሰማኝ ጠፍቷል።

እኔ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ዓሣዎቼን ያበላል። በቃ፣ ብሶቴ ይኸው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅለት፣ ከቀረበለት ቆሎ ቆንጠር ያደርግና ወደ መስታወት ገንዳቸው። የገብስ ቆሎ እኮ ነው! ጉፒ የምትባለዋ ትንሿ የጌጥ ዓሣ አፍ ውስጥ የማይገባ። አንዱ የእንጀራ ፍርፋሪ ይጥላል፣ ሌላው ዳቦ፣ የጎረቤት ሕፃን ደግሞ መጥጣ የጠገበችውን ብስኩት። ባለፈው ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ የመጣ ዘመዴ "ጠላም ይቅመሱ እንጂ" ብሎ ብርጭቆውን ሲያነሣ እጁን ነው የያዝኩት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት የለም። "በሞቴ" አለ፣ "አፈር ስሆን" አለ፣ ካልሆነም ኩርፊያ አለ። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት፣ አልጠላውም። ግን ዓሣ "በቃኝ" ማለት አይችልም። ፊቱ የመጣውን ይውጣል። ሆዱን የዓይኑን ያህል አድርጋችሁ አስቡት። በሁለት ደቂቃ በልቶ የማይጨርሰው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ትርፉ ጠጠሩ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል።

የበሰበሰው ምግብም፣ ዓሣው ራሱ የሚያስወጣውም ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ያ የቆየ ሽንት ቤት ስትገቡ ዓይናችሁን የሚያቃጥለው ነገር ነው። ዓሣው የሚተነፍሰው ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባለው ስንጥቡ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ጣና ላይ ፍርፋሪ ብትጥሉ ማንም አይጎዳም፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ነው። የእኔ ገንዳ 60 ሊትር ነው። ሦስት ጀሪካን! በሦስት ጀሪካን ውሃ ውስጥ እየበሉ፣ እየተጸዳዱ፣ እየወለዱ የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይኖራሉ? ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይህኛው ካልተጠራቀመ አይጎዳም፣ እኔም በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ስቀይር አብሮ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው እስኪረቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንደ እርሾ ነው፤ ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ዘመዴ ልታግዘኝ ብላ ያንን ስፖንጅ በሳሙና ፈትጋ፣ በቧንቧ ውሃ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችልኝ። ነጭ አድርጋዋለች። ምን ልበላት? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፣ እሱም ጨመቅ ጨመቅ ብቻ።

ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ሰውም አንዱን አልነገረኝም። አዲስ አበባ ነው የገዛኋቸው። "ውሃ ሙላና ዛሬውኑ ጨምራቸው" አለኝ። ወርቃማ ዓሣ፣ ጉፒ፣ ኒዮን ቴትራ፣ ሁሉንም በአንድ ላስቲክ። "ተስማምተው ይኖራሉ" አለ። ወርቃማው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚስማማው፣ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ሲያድግ ደግሞ ኒዮኑን ቁርስ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ምን አውቄ! ላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በጋቢ ሸፍኜ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ፣ ስንወጣ ብርዱ። ከጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩና "ለጾም ነው?" አሉኝ። ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚል ክርክር ተነሥቶ ደጀን እስክንገባ አልበረደም። አንድም ሰው "ለማርባት ነው?" ብሎ አልጠየቀኝም። ኒዮኖቹ በሁለት ሳምንት አለቁ። ወርቃማውን ትልቅ ገንዳ ላለው ጓደኛዬ ሰጠሁት።

የመብራቱን ነገር አታንሡብኝ። ይህ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጉፒ 25 ዲግሪ ገደማ ውሃ ነው የሚፈልገው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ማጣሪያውም አብረው ይጠፋሉ። ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ እዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ አገር በሩብ ያህል ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ "ለ60 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚሉን ሰዎች ደጋ ላይ አይኖሩም። እኔ ቁጥሩን ቀንሼ ስምንት ጉፒና አራት ፕላቲ የሚባሉ ዓሣዎች ብቻ ነው የያዝኩት። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ እገለብጠዋለሁ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው። አየር እንዲገባው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ያየኝ ሰው ጠበል የማፈልቅ ነው የሚመስለው። የቧንቧ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ በርሜል ሞልቼ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍቱን አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት። እሺ፣ ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። መብራትና ውሃ ጠላቴ አይደሉም፣ ለምጃቸዋለሁ።

የገደለኝ ባለፈው ሳምንት ነው።

ለሥራ ሦስት ቀን ወጣሁ። ቤት ያለችው ከአማኑኤል ከተማ ልትጠይቀኝ የመጣች አክስቴ ናት። ስወጣ "እትዬ፣ ዓሣዎቹን ምንም እንዳትሰጫቸው፣ በልተዋል" አልኳት። "እሺ የኔ ልጅ" አለችኝ። ስመለስ ገና በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ውሃው አጥሚት መስሏል። ሥሩ ላይ የድፎ ዳቦ ቁራሽ አብጦ፣ ነጭ ጢም አብቅሎ ተኝቷል። ማጣሪያው አፍ ላይ ፍርፋሪ ተለጥፏል። አምስት ጉፒ ሞቷል። የቀሩት ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"እትዬ ምን አደረግሽ?"

"ምን ላድርግ? ስትወጣ ጀምሮ አፋቸውን ከፍተው ሲለምኑኝ! ትንሽ ጣልኩላቸው። በማግስቱ ባሰባቸው፣ ጨመርኩላቸው። ዛሬማ ጭራሽ ላይ ወጥተው ቀሩ። የራበው ካልሆነ እንዲህ ማን ይሆናል?"

አያችሁ? እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። መጀመሪያ ቀን ወደ መስታወቱ የመጡት ሰው ሲያዩ ምግብ ስለለመዱ ነው፣ ሁልጊዜ ይመጣሉ። ከዚያ ዳቦው መበስበስ ጀመረ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ጨረሱት፣ አሞኒያው ስንጥባቸውን አቃጠለው፣ ዓሣዎቹ አየር ፍለጋ ላይ ወጡ። አክስቴ ሲታፈኑ እያየች የተራቡ መሰላት። በታፈኑ ቁጥር አጎረሰቻቸው። ከልቧ አዝና፣ ከራሷ ቁርስ ቀንሳ።

ቆሻሻውን በጎማ ስቤ አወጣሁ፣ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ ለሁለት ቀን ምግብ ከለከልኩ። እዚህ ላይ ጦርነት ተነሣ። "ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ባይበላ አይሞትም" ብላት ማን ይመነኝ! "ጨካኝ" አለችኝ። እሷ እኮ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሰው ናት! ይህንኑ ብነግራት "እኔ ስጾም ለነፍሴ ነው፣ እነሱ ምን በወጣቸው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አንዳንዱ ደግሞ "ከተቸገርክ ለምን ባሕር ዳር ስትሄድ ጣና ላይ አትለቃቸውም?" ይለኛል። ምን ልሁን ብዬ? ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሣዎች አሉ። ከውጭ የመጣው እምቦጭ ያደረገው አይበቃም፣ እኔ ደግሞ የገበያ ጉፒ ልጨምርበት?

ለማንኛውም የተረፉት ደኅና ናቸው። ከአክስቴም ታርቀናል። በክብሪት ቀፎ ትንሽ ምግብ ለክቼ ጠዋት ጠዋት እሷ እንድትሰጣቸው ተስማማን። "ይኼማ የዝንብ ቁርስ ነው" ትላለች፣ ግን ትሰጣለች።

ዛሬ ጠዋት ግን አንዷ ጉፒ ወልዳለች። እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን በቁማቸው ነው የምትወልድ። ትልልቆቹ እንዳይበሏቸው የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉትን ልጆች በማንኪያ ለይቼ ማሰሮ ውስጥ ሳደርግ አክስቴ ጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆየች። ምንም አላለችም። ከዚያ ጓዳ ገባች።

ይኸው አሁን የማማሰያ ድምፅ እሰማለሁ። "ምን እየሠራሽ ነው እትዬ?" ብዬ ብጣራ "አራስ አይደለች እንዴ! ቅቤውን ትቼዋለሁ፣ አትፍራ" አለችኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው የገንዳው ክዳን ላይ ነው።