የጎጃም አርበኞች የጥይት ስሌት

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል ሲከበር በጎጃም የሚደረጉት ንግግሮች ጠመንጃውን በስሙ ይጠሩታል። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ይባላል፤ ፉከራውና ቀረርቶውም እነዚሁኑ ያነሣል። ጥይቱ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ቀድሞ እንዳለቀና የትኛው እንደተተካ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በእኔ እምነት በላይ ዘለቀን፣ ነጋሽ በዛብህን፣ መንገሻ ጀምበሬንና ኃይሉ በለውን ያነሣ ሰው፣ ተከታዮቻቸው በምን እየተኮሱ አምስት ዓመት እንደዘለቁ አብሮ ሊነግረን ይገባል። (በዛሬው ጎጃም ስለ ጥይት መጻፍ ሌላ ነገር እንደሚያሳስብ አውቃለሁ፤ የምናገረው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለሆነው ነው።)

እጥረቱ ሳይታሰብ የወረደ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር በ1922 ዓ.ም. የፈረመችው ውል የመሣሪያን አገባብ በቁጥጥር ሥር አውሎት ነበር፤ ጦርነቱ በደጅ ሳለም፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የሽያጭ ፈቃድ ከለከሉ። ክልከላው በኋላ ቢነሣም የባሕር በር ለሌለው አገር የባከነው ጊዜ የሚመለስ አልነበረም። ገበሬውም ቢሆን ጥይት ማስቀመጥን ከማንም መማር አላስፈለገውም፤ የውጅግራ ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በብዙ ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ ነውና፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጥይት ጥሪት ነበር።

አስቸጋሪው ጥያቄ የትኛውን ማስቀመጥ ይበጃል የሚለው ነው። ውጅግራ በ1874 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። አረሩ ብቻ 25 ግራም ያህል ስለሚመዝን ዝናር ሙሉ ታጥቆ የጮቄን ዳገት መውጣት ቀላል አይደለም፤ ጥቁር ባሩድ ስለሚጎርስም ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያሳብቃል። ነገር ግን ቀለሁ (ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ የጥይት ቀፎ) ተለቅሞ በአገር ባሩድ ዳግመኛ ሊሞላ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ለበን በጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ፣ ብዙ ጥይት የሚጎርስ ነው፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥይቱን ግን በአገር ቤት ባሩድ መተካት አይቻልም። ከሁሉም የሚያምረው፣ በጦርነቱ ዋዜማ የገባው ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ቤልጅግ፣ ጥይቱ ባለቀ ቀን በትከሻ ላይ ከሚሸከሙት ብረት አይሻልም።

ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ትጥቅ ማስፈታቱን ሲያጠብቅና በማግሥቱ ጎጃም ሲነሣ ምርጫው የሞት ሽረት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሳይቋረጥ የሚመጣው ጥይት የጠላት ጥይት ነበር፤ ከምሽግና ከስንቅ ጭነት ይማረካል፣ ከሚከዳው ባንዳ ይገኛል፣ በስውርም ይገዛል። ያ ጥይት ግን 6.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በውጅግራም በቤልጅግም አይተኮስም። ስለዚህ ጥይት የማረከ ሰው ጠመንጃውንም መማረክ ነበረበት፤ ከዚያም በላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። የጣልያኑ ጠመንጃ ስድስት ጥይት ከነቀጭን የብረት መያዣው ይጎርሳል፤ የመጨረሻዋ ጥይት ስትገባ ባዶው መያዣ ከሥር ይወድቃል። በተኩስ መሐል ያንን ከሣር ውስጥ ያላነሣ ተዋጊ፣ ጥይት ሞልቶት እንኳ አንድ በአንድ ከማጉረስ በቀር ምርጫ የለውም።

ስለዚህ «የተሻለ ጠመንጃ የነበረው ማን ነው» የሚለውን የቆየ ክርክር ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ጠላት የሚተኩሰውን የሚተኩስ አርበኛ፣ ጠላቱ በቦታው እስካለ ድረስ ጥይት አያጣም፤ በቆንጆ ቤልጅግ የሚኮራው ግን በየተኩሱ ከማይተካ ሀብቱ ይቀንስ ነበር። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ገብቶ የእንግሊዝ እርዳታ መድረስ እስኪጀምር፣ የጎጃም አርበኛ ዋና ግምጃ ቤት የጣልያን ግምጃ ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

የቤተ መዘክር ኃላፊዎቻችን ጠመንጃ ሰብስበው፣ ወልውለው፣ ስም ጽፈውበት በመስታወት ውስጥ ያቆማሉ። ቀለህን ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት የሚቆጥረው ብዙ ነው። በቢቸና፣ በሞጣ ወይም በደጋ ዳሞት የአርበኛ ቤተሰብ ቤት የቀረ ቀለህ ካለ መቀመጫውን ገልብጦ ማየት ይገባል፤ በብዙው ጥይት ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጿል። በአንድ መንደር የተገኘው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ይሁን ባለ 6.5፣ ዓመቱም ከወረራው በፊት ይሁን በኋላ ቢመዘገብ፣ የየትኛው ወረዳ አርበኛ ባስቀመጠው፣ የየትኛው ደግሞ በማረከው እንደተዋጋ ከቃል ታሪኩ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ይህን ለመጀመር ሚዛን፣ መለኪያና መዝገብ ይበቃል።