የሚሸጥ ችግርና የማይሸጥ ችግር

እዚህ አሜሪካ ጥሩ ኮሌጅ ለመግባት ችግር ያስፈልጋል። ቀልድ አይደለም። ውጤቱም ገንዘቡም እንዳለ ሆኖ፣ ምንም ችግር ያልደረሰበት ልጅ ጽሑፉ ላይ ይቸገራል። ኮመን አፕ የሚባል ማመልከቻ አለ፤ አንዴ ተሞልቶ ለብዙ ኮሌጅ ይላካል። እሱ ላይ ተማሪው እስከ 650 ቃል ድረስ ስለ ራሱ ይጽፋል። ምን ገጠመህ? እንዴት ተወጣኸው? ምን ተማርክበት? እንዲህ እንዲህ ነው ነገሩ።

ሜሪላንድ ያደገችው የእህቴ ልጅ ዘንድሮ አመልካች ናት። ችግር ደግሞ አላት። አሥረኛ ክፍል ላይ ድብርት ያዛት። ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛች፣ ኤ ብቻ የለመደው ካርዷ ላይ ሲና ዲ ተደረደሩበት። ሐኪም አያት፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ቀስ በቀስ ተመለሰች። አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደ ድሮዋ በኤ ጨረሰች። እኔ የዋሁ ታዲያ፣ በቃ 650 ቃሉ ተገኘ ብዬ ነበር።

እህቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራች ባጠራቀመችው ገንዘብ የግል የኮሌጅ አማካሪ ቀጥራላታለች። በሰዓት ነው የሚያስከፍለው። ሒሳቡን ወደ ብር አልመነዝርላችሁም፣ ያማል። ሰውዬው ረቂቋን አነበበና ፈገግ አለ። "ይሄን አትጻፊ" አላት። "ኮሌጆቹ ይፈራሉ። ተቀብለናት እንደገና ብትታመምስ ይላሉ።" እዚህ ድረስ እሺ። ያንገበገበኝ የቀጠለው ነው። "እናትሽ ከአገሯ እንዴት እንደወጣች ጻፊ። ስለ አያትሽ፣ ስለ ቡናው ሥርዓት፣ ስለ ስደቱ ጻፊ። እሱ ልብ ይነካል።"

ምን ስደት? እህቴ የመጣችው በዲቪ ነው። ዶሮ ወጥ በልታ፣ በሦስት መኪና ቦሌ ተሸኝታ።

ልጅቱ የራሷ ስቃይ አላት፤ ታማ፣ ታክማ፣ ያለፈችበት። እሱን ደብቂና የእናትሽን ተበደሪ ተባለች። እናቷም ያን ያህል ስለሌላት ትንሽ ጨምሪበት ማለት ነው። ድህነት ይሸጣል፣ ስደት ይሸጣል፣ የጭንቅላት ሕመም አይሸጥም። ይሄን የሚነግርህ ሰው ደግሞ በሰዓት ይከፈለዋል!

የገረመኝ የእህቴ ነገር ነው። በሐሳቡ ተስማማች። በሌላ ምክንያት ግን። "የቤታችንን ገመና ፈረንጅ ለምን ያነበዋል?" አለችኝ። ልጅቱ የታመመች ሰሞንም እንዲሁ ነበር። ከእንጦጦ ጸበል በሃይላንድ አስመጣች፤ ጥሩ አደረገች፣ ሐኪሙንም አልከለከለቻትም። ለማኅበር ሴቶች ግን "ደም ማነስ ነው" ብላ ነገረቻቸው። ያን ሰሞን ቤቱ ቀይ ሥርና ጎመን በጎመን ሆነ። ልጅቱ ስለ ሕመሟ ለመናገር ዝግጁ ነበረች። የሚሰማት ግን ከቤትም ከውጭም ጠፋ።

አገር ቤት ቢሆንስ? እዚያ ማን ይጠይቅሃል? የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ነጥብ አለ፣ ምደባ አለ፣ አለቀ። አሥረኛ ክፍል ላይ ስላዘንከው ሐዘን ሚኒስቴሩ ግድ የለውም። አንዳንዴ ይሄ እንደ ፍትሕ ይታየኛል። ግን የፈተናው ሳምንት ላይ ብትታመምስ? በእኛ አቆጣጠር የ2014ቱን አስታውሱ፤ ልጆቹ ከቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያደሩ የተፈተኑበትን። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሃርቫርድ እንኳን ከአመልካቾቹ የሚቀበለው ከዚህ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። የተወሰኑት ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ገቡ። የቀሩት እንዴት ሰነበቱ ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ደግሞ ሁላችንም ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ አለ። "ጎበዝ ነበር፣ ማንበብ በዝቶበት ነው እንዲህ የሆነው" የሚባል። ጣት ወደ ጭንቅላት ይዞራል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ወሬው ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የነበረ አንድ ልጅ ዊዝድሮው፣ ማለትም የማቋረጫ ቅጽ፣ ሞልቶ ሄዶ ነበር። አማኑኤል ሲታከም ከርሞ ዳነ። ሊመለስ ሲል ያቀረበው የሐኪም ወረቀት ግን ከሌላ ክሊኒክ ያወጣው ነው፤ "የጨጓራ ሕመም" ይላል። ከአማኑኤል ማኅተም ጨጓራ ይሻላል ብሎ። ተመለሰ፣ ተመረቀ። እስከ ዛሬ በጨጓራው የሚቀልዱበት አሉ።

የግል አማካሪው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ያን ያህል ልስጠው። ሕጉ ለልጅቱ ይሟገታል። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1973ቱ የአሜሪካ የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 አለ፤ ኮሌጁ ከመቀበሉ በፊት የጤና እክል አለብሽ ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ከገቡ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። በእነሱው አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ዬል ዩኒቨርሲቲን ከሰሱ። አእምሯቸው የታመመባቸውን ልጆች ትምህርታችሁን ልቀቁ እያለ ይገፋል የሚል ነበር ክሱ። ዬል በጥር 2023 ደንቡን ቀየረ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ክሱ በስምምነት ተዘጋ። ስታንፎርድም ቀደም ብሎ በ2019 ተመሳሳይ ክስ በስምምነት ጨርሷል። ዬል ከ1701 ጀምሮ ሰው ሲያስተምር የኖረ ትምህርት ቤት ነው። የታመመ ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ ለመማር ግን ፍርድ ቤት አስፈለገው።

መፍትሔው የመጣው በነጻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤታቸው አማካሪ። የአማካሪዎቹ ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፣ የዚህች ሴትዮ ጠረጴዛ ግን ከዚያ በላይ ተሸክሟል። ቢሆንም ልጅቱን አስቀምጣ አዳመጠቻት። ማመልከቻው ላይ 250 ቃል የምትይዝ ሌላ ሣጥን አለች፤ ያጋጠመ ችግር የሚገለጽባት። "እዚያ በአጭሩ ጻፊ" አለቻት። "ታመምኩ፣ ታከምኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ውጤቴን ተመልከቱ። በቃ። እኔ ደግሞ በደብዳቤዬ አረጋግጣለሁ።" ልቅሶም የለው፣ ጀግንነትም የለው።

ከእህቴ ጋር የተጣላነው ደብዳቤው ላይ ነው። ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤውን የማየት መብቱን ትቻለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ኮሌጆቹ እንደዚያ ሲሆን ይበልጥ ያምኑታል። "ስለ ልጄ የተጻፈውን እኔ አላይም?" ብላ አበደች። አገር ቤት በታሸገ ፖስታ የሚሄድ ደብዳቤ አልነበረም እንዴ? ነበር እንጂ፤ ግን እሱን በእንፋሎት ከፍቶ የማያይ ማን ነበር?

ልጅቱ ፈረመች። ዋናውን 650 ቃል የጻፈችው ትምህርት ቤት ለትያትር መብራት ስለምታበራበት ሥራዋ ነው። አንብቤዋለሁ። ስደትም፣ ቡናም፣ ሕመምም የለበትም። ስለ አምፖል ይሄን ያህል የሚያወራ ሰው አላውቅም፤ ቁርጥ እሷን ነው።

የግል አማካሪው ግን አትጻፊ ያላትን ረቂቅ ላነበበበት ሰዓት ደረሰኝ ላከ። አትክፈይ ብዬ ተሟገትኩ። እህቴ ከፈለች። "ተወው፣ ነገሩን ለሰው እንዳያወራብን" አለች። ለማን ነው የሚያወራው? ማኅበር አይጠጣ!