ለዓሣው የከፈለው ማን ነው?

ባለፈው ወር ሦስት ምሽት ዓሣ ሳጠምድ አመሸሁ። ሐይቁም፣ የቆምኩበት የእንጨት ርብራብም፣ ከጎኔ ተደርድረው መንጠቆ የሚጥሉት ሰዎችም በኮምፒውተር መስኮት ውስጥ ያሉ ናቸው። ወደዚያ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። «አጎቴ፣ ዓሣ እያጠመዱ ዶላር የሚያገኙበት ጨዋታ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እናቱ ከጓዳ ሆና ሰምታው ኖሮ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብላ መለሰችለት። ልጁ ዝም አለ። መልሱ ግን እንደዚያ የሚዘጋ አልመሰለኝም። ራሴ ገብቼ ላየው ወሰንኩ።

ቦታው ሰከንድ ላይፍ ይባላል። ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2003 ለሕዝብ የከፈተው፣ ሰው የራሱን አምሳያ ሠርቶ የሚገባበት፣ መሬት የሚከራይበት፣ ቤት የሚሠራበት፣ ልብስ ሰፍቶ የሚሸጥበት ዓለም ነው። መገበያያው ሊንደን ዶላር ሲሆን፣ ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድረው ገበያ በእውነተኛ ዶላር ይገዛል፣ ይሸጣል። ምንዛሪው ለረጅም ዓመታት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ250 ሊንደን ዶላር አካባቢ ሲመላለስ ኖሯል።

አጠማመዱ ቀላል ነው። ዘንጉን ለአምሳያዬ አስይዛለሁ፣ ውኃው ላይ ወደምትዋልለው ተንሳፋፊ ፊቴን አዞራለሁ፣ እወረውራለሁ፣ እጠብቃለሁ። ክሩ ሲወጠር ድምፅ ይሰማል፤ አምሳያዬ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይጎትታል፤ የዓሣው ስምና ክብደት ብቅ ይላል። አብዛኛው ዓሣ አንድ ሊንደን ዶላር እንኳን አያወጣም። አልፎ አልፎ ግን ሦስት ወይም አምስት የሚያወጣ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከጎን ያሉት አጥማጆች «እሰይ» ይላሉ። በሦስቱ ምሽቶች፣ ወደ ስድስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጬ ያገኘሁት 85 ሊንደን ዶላር ነው። ሲመነዘር 34 የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል። እሱንም ወደ ውጭ ላውጣ ብል የመመንዘሪያና የማስተላለፊያ ክፍያ ይበላዋል።

ስለዚህ «ዓሣ አጥምደው ገቢ ያግኙ» እያሉ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ስህተት ይሠራሉ፤ ሥራ የሌለውን ወጣት በዚህ ቃል መጥራት በደል ነው እላለሁ። ነገር ግን የመጣሁት ይህን ለመናገር ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ምሽት ከወንበሬ ቀና ያደረገኝ ነገር ሌላ ነው።

በዚያ ምሽት ዓሣዎቹ መክፈል አቆሙ። ይያዛሉ፣ ስማቸው ይታያል፣ ገንዘብ ግን የለም። የርብራቡ ባለቤት የሆነችውን ሴት ጠየቅኋት። ከኋላችን ያለው የልብስ ሱቅ የእሷ ነው። «ተንሳፋፊዋ ውስጥ ያስቀመጥኩት አልቋል፤ ትንሽ ታገሡኝ፣ ልሙላው» አለችኝ። ለካ እያንዳንዱ ዓሣ ከእሷ ኪስ ነበር የሚወጣው! በየሳምንቱ የተወሰነ ሊንደን ዶላር ታስቀምጣለች፤ አጥማጁ እሱን እየለቀመ ይቆያል፤ ሲሰለቸው ዘወር ብሎ ሱቋን ያያል። ያልገዛም ቢሆን ሰው የቆመበት ቦታ ሌላ ሰው ይስባል። ይህን ሁሉ ሳትደብቅ፣ እንደ ተራ ነገር ነገረችኝ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ዓሣው እንደገና መክፈል ጀመረ።

እኔ በዚህች ሴት ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም በዚህ ዘርፍ ካየሁት ሁሉ ንጹሕ ያልኩት ንግድ የእሷ ነው። ማን እንደከፈለ ይታወቃል፤ ለምን እንደከፈለ ይታወቃል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እንዳለቀ ይነገራል። ተቀባዩም ምንም አስይዞ አልገባም።

ይህ አሠራር በዚያ ዓለም አዲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው መክፈል የተለመደ ነበር፤ አምሳያህን ሱቁ ደጃፍ ታስቀምጠዋለህ፣ በየተወሰነ ደቂቃ ጥቂት ሊንደን ዶላር ይጣልልሃል። ምክንያቱ በአንድ ቦታ ላይ ጎብኚዎች የቆዩበት ደቂቃ እየተደመረ መቆጠሩና ቁጥሩ የበዛለት ቦታ በፍለጋ ውጤት ላይ ቀድሞ መታየቱ ነበር። ሰው ያልያዛቸው አምሳያዎች በብዛት ተሰልፈው ቁጥሩን ማሳበጥ ሲጀምሩ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ከለከለ። ዓሣ ማጥመድ ከወንበሩ የሚሻለው ሰውየው እዚያው ነቅቶ መኖሩ ነው፤ ይወረውራል፣ ይጎትታል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል። ሰቨን ሲስ በተባለው የታወቀ የማጥመድ ጨዋታ ደግሞ ብዙዎች የሚደክሙት ለገንዘብ ሳይሆን ያልያዙትን የዓሣ ዓይነት ለማሟላት ነው። ከእኔ አጠገብ የነበረች አንዲት አጥማጅ የያዘቻቸውን በሙሉ በአምሳያዋ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ ወስዳ አሳየችኝ። ለእሷ ሳንቲሙ ጉዳይዋ አልነበረም።

ነገሩ የሚበላሸው የከፋዩ ማንነት ሲሸሸግ ነው። እዚያው ሰከንድ ላይፍ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ጊንኮ ፋይናንሺያል የሚባል «ባንክ» ነበረ፤ ሊንደን ዶላር ላስቀመጠ ሰው በዓመት ከ40 በመቶ በላይ ወለድ እሰጣለሁ ይል ነበር። ሰዎች በዓሣም፣ በልብስም፣ በቤት ኪራይም ያገኙትን ወስደው አስቀመጡ። ወለዱ ከየት እንደሚመጣ አጥብቆ የጠየቀ ብዙም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ሊንደን ላብ በሰከንድ ላይፍ ውስጥ ቁማርን ሲከለክል ሰው ተደናግጦ ገንዘቡን ለማውጣት ተጋፋ። በኦገስት ባንኩ ወደቀ፤ ወደ 750 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚገመት የሰው ገንዘብ ይዞ ነው የወደቀው። ኩባንያው በጃንዋሪ 2008 ፈቃድ ሳይኖረው ወለድ እከፍላለሁ የሚልን ሁሉ አገደ። የእገዳው ቀን ሲደርስ ተቀማጮቹ ገንዘባቸውን ካጡ ወራት አልፈዋል።

ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር ደግሜ እነግረዋለሁ። በኩባንያው ውል መሠረት ሊንደን ዶላር ገንዘብ አይደለም፤ በፈቃድ የሚሰጥ መጠቀሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርክ ብራግ የተባለ የፔንሲልቬንያ ጠበቃ መሬቱና ሒሳቡ ተወሰደብኝ ብሎ ኩባንያውን ከሰሰ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2007 ክርክሩን ወደ ግልግል የሚመራውን የውሉን አንቀጽ ለአንድ ወገን ያደላ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ፤ ሁለቱ ወገኖች በዚያው ዓመት ተስማሙና ጉዳዩ ተዘጋ። ጠበቃ የሆነ ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የተከራከረበትን ነገር አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «የባንክ ሒሳቤ ነው» ብሎ ሊተኛበት አይገባም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለውን፣ ስካይ ማቪስ የተባለ መቀመጫውን ቬትናም ያደረገ ኩባንያ የሠራውን ጨዋታ እንውሰድ። በኮሮና ጊዜ ፊሊፒንስ ውስጥ ሥራ ያጡ ሰዎች እንደ ደመወዝ ቆጥረውት ነበር። ለመጀመር በጨዋታው ውስጥ ያሉ ሦስት ምናባዊ ፍጡራንን መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ መግዛት ያልቻለ ከባለ ገንዘብ እየተዋሰ ተጫውቶ ገቢውን ያካፍላል። የእኩል እርሻን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ተጫዋቾቹ የሚያገኙት ኤስኤልፒ የተባለው ምናባዊ ገንዘብ አንዱ በጁላይ 2021 ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ያወጣ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳን አያወጣም ነበር። በመካከሉ፣ በማርች 2022፣ ከጨዋታው ጋር ከተያያዘው የገንዘብ ማስተላለፊያ መረብ ወደ 620 ሚሊዮን ዶላር ተዘረፈ፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ዘረፋውን የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ፈጸሙት ብሏል። ዝርፊያው ባይኖር እንኳን ኤስኤልፒ መውደቁ አይቀርም ነበር፤ መርከስ የጀመረው ከዝርፊያው በፊት ነው። ለትናንቱ ተጫዋች የሚከፍለው በአብዛኛው ዛሬ ሦስት ፍጡራን ሊገዛ የመጣው አዲስ ሰው ነበር። አዲስ ገቢ ሲቀንስ የሚከፍል ጠፋ። እንደዚያች ሴት «አልቋል፣ ልሙላው» የሚል ባለ ሱቅ ከኋላቸው አልነበረም።

ወደ እኛ የመጣው የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የስልክ ጨዋታ በጣት እየነካኩ ምናባዊ ሳንቲም የሚሰበስቡ ወጣቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ። የእህቴ ልጅ አንዱ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንቂያ ደወል ሞልቶ እየተነሣ ይነካካ ነበር፤ የዕለቱ ሳንቲም እንዳያመልጠው። ወራት ቆጥሮ የተሰጠው ገንዘብ የኢንተርኔት ጥቅል የገዛበትን ወጪ እንኳን አልሸፈነለትም። ያን ሰሞን ፊቱን ሳየው አዘንኩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚሠራ ልጅ ነው። ጉልበቱን ማን እንደገዛው ግን የነገረው የለም።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 እንዲህ ዓይነት ምናባዊ ገንዘቦችን ለክፍያ መጠቀም እንዳልተፈቀደ አስታውቆ ነበር። ማስታወቂያው ተገቢ ነው። ከስልኩ ጋር ሌሊት የሚነሣው ልጅ ዘንድ ግን አልደረሰም፤ ቢደርስም «አይፈቀድም» ከሚለው ቃል ይልቅ የጓደኛው «እኔ አግኝቻለሁ» የሚል ወሬ ይበልጥበታል። የመረጃ ቴክኖሎጂ መምህራን፣ በሬዲዮ የወጣቶች ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን፣ እኛም በየቤታችን ያለን ታላላቆች፣ ልጆቹን ከመሳቅና ከመገሠጽ በፊት ሒሳቡን አብረናቸው እንሥራ። ስድስት ሰዓት፣ 34 ሳንቲም። ይህን ቁጥር ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ጻፍነው። ምንም ሳይለኝ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

እህቴ የጠቀሰችው ላም ምሳሌ ትክክል ነው፤ ግን ይጎድለዋል። የሰከንድ ላይፍ ላም በሰማይም ብትሆን ወተቷ ጠብ ይላል፤ ጥቂት ነው እንጂ ይታያል። ሣሯን የምታጭድላት ሴትም ትታወቃለች። ጨዋታን ለጨዋታነቱ የሚወድ ሰው ሄዶ ዓሣ ቢያጠምድ፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር ቢጨዋወት፣ ያገኛትን ሳንቲም ለአምሳያው ኮፍያ ቢገዛባት ደስ ይለኛል። እኔም እመለስ ይሆናል፤ የሦስተኛው ምሽት ጨረቃ ውኃው ላይ ስትወጣ ያማረች ነበረች። የምከለክለው ሰው ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ሳያውቅ ሌሊቱን፣ ትምህርቱንና የእናቱን ገንዘብ እንዲያፈስ ነው።

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። አዲስ ጨዋታ ጓደኞቹ ልከውለታል፤ ሃያ ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ቡድን አለው። ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጽፎ ነበር፤ «ለሽልማቱ የሚከፍለው ማን ነው?» አሳየኝ። ጥያቄው በተላከ በሦስተኛው ደቂቃ ተሰርዟል፤ እሱም ከቡድኑ ወጥቷል።