ዋሉዊጂ እስከ መቼ ረዳት ይሆናል?

አሁንስ በዛ! ትናንት ማታም ስማሽ ብሮስ በተባለው የኒንቴንዶ የፍልሚያ ቪዲዮ ጌም ላይ ዋሉዊጂን ጠራሁት። መጣ፣ ተጋጣሚዬን እየረጋገጠ መሬት ውስጥ ቀበረው፣ በቴኒስ ራኬት መታው፣ ጠፋ። በቃ? ይሄ ሁሉ ችሎታ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በማሪዮ ቴኒስ ጌም የተዋወቅነው ገጸ ባሕርይ እኮ ነው! ስማሽ ብሮስ ላይ ግን ከ2008 ጀምሮ ሲጠሩት የሚመጣ ረዳት እንጂ ተጫዋች መርጦ የሚዋጋበት ተፋላሚ አይደለም። የ2018ቱ የስማሽ ብሮስ እትም፣ አልቲሜት፣ ከ80 በላይ ተፋላሚዎች አሉት። ፒራንያ ፕላንት እንኳን ቦታ አገኘ። በማሰሮ የተተከለ አበባ! ሊትል ማክ ረዳት ነበር፣ በ2014 ተፋላሚ ሆነ። ኢዛቤልም በ2018 አለፈላት። ታዲያ እሱ ምን አጠፋ?

እንደ ዋሉዊጂ ረዳት ሆኖ የቀረውን አይዛክን የምትወዱ ደግሞ ሕመሙን ታውቁታላችሁ። መጥራት ሰልችቶናል። ራሳችን በዋሉዊጂ እንጫወት!