ማስተካከያ፦ ስለ ታይታኒክ ተሳፋሪዎች መቶኛ
ባለፈው ማብራሪያ «ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች 29 በመቶው፣ ከሦስተኛ ማዕረግ 25 በመቶው ተርፈዋል» የሚለው ይታረም። ለማስተማሪያ የሚያገለግለው የታወቀው ሰንጠረዥ 2,201 ሰዎችን ይዟል። የተረፉት 711 ናቸው። ከአንደኛ ማዕረግ 325 ሰዎች 203ቱ ተርፈዋል።

29 በመቶ የተገኘው 203ን ለ711 በማካፈል ነው። ይህ የሚነግረን ከተረፉት መካከል ስንቱ የአንደኛ ማዕረግ እንደነበሩ ብቻ ነው። የተጠየቀው ግን ከአንደኛ ማዕረግ ስንቱ እንደተረፉ ነው። ስለዚህ አካፋዩ በሰንጠረዡ የአንደኛ ማዕረግ ረድፍ ድምር፣ ማለትም 325 ነው፤ መልሱም 62 በመቶ።

ከሦስተኛ ማዕረግ 706 ሰዎች የተረፉት 178 ናቸው፤ 178 ለ706 ቢካፈልም ለ711 ቢካፈልም ያው 25 በመቶ ገደማ ነው። ስህተቱ ከዓይን ያመለጠው በዚህ አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም። «በማዕረጎቹ መካከል የጎላ ልዩነት የለም» የሚለው ድምዳሜም ተሰርዟል። ልዩነቱ የሰው ሕይወት ነው፤ በጣምም ሰፊ ነው።