በየቅዳሜው የሚቀበር ዶክተር

የዘንድሮ ሰው ለአንድ ነገር ታምኖ መኖር አቅቶታል የሚል ወቀሳ በየአጋጣሚው እሰማለሁ። ወቃሾቹ የእንግሊዞቹን የ«ዶክተር ሁ» አድናቂዎች አያውቋቸውም ማለት ነው። ይህ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ በቢቢሲ ቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። አድናቂዎቹ «አበቃለት፤ የድሮው ቀረ» ማለት የጀመሩትም ከዚያ ብዙ ሳይዘገዩ ነው። በትዳርም ሆነ በፖለቲካ እንዲህ ያለ ጽናት አላየሁም። ብዕሬን ያነሣሁት ላመሰግናቸው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሩ ሰው የሚመስል፣ ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ተቅበዝባዥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጠባብ፣ ሲገቡበት ግን ሰፊ በሆነ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ቤት ተሳፍሮ በዘመናትና በከዋክብት መካከል ይመላለሳል። የመሞቻው ሰዓት ሲደርስ አይሞትም፤ መልኩም ጠባዩም ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። ይህን ብልሃት የወለደው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 (የቀሩትንም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር እጠራለሁ) የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትነል ጤናው ሲታወክ፣ አዘጋጆቹ ድራማውን ከመዝጋት ይልቅ ፓትሪክ ትራውተንን በቦታው ተኩ። ለአድናቂውም የማያልቅ ሥራ ተፈጠረለት። ተዋናይ ሲለወጥ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ዋና ጸሐፊ ሲለወጥ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ድራማው ከቅዳሜ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወርም ለቅሶ ይቀመጣል። ሟቹ በሳምንቱ በድንኳኑ ደጃፍ ሲያልፍ ሙሾ አውራጆቹ ቀና ብለው ያዩትና «አለባበሱን ተመልከቱልኝ!» ብለው ወደ ሙሾአቸው ይመለሳሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቅላቸው የፍርዳቸውን ፍጥነት ነው። በ1976 ሮበርት ሆምስ የጻፈው «ዘ ዴድሊ አሳሲን» የተባለ ባለአራት ክፍል ታሪክ ታየ። ዶክተሩ ወደ ተወለደበት ዓለም ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ እንደ አማልክት የሚፈሩት ወገኖቹ ለካ ሥልጣን የሚነጣጠቁ፣ ተንኮል የሚጎነጉኑ፣ አንገትጌአቸው ከጭንቅላታቸው የሚበልጥ አዛውንት ኖረዋል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአድናቂዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጊዜ አላጠፋም፤ የዚህ ድራማ አስማት ወዴት ሄደ ብሎ በምሬት የሚጠይቅ ሂስ ጻፈ። ክሱ ከባድ ነው፤ ሆምስ የተከታታዩን ያለፈ ታሪክ ንቆ አፍርሷል የሚል።

ያ ታሪክ ዛሬ በአድናቂዎች ዘንድ ከምርጦቹ ተርታ ይቆጠራል። ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ሐሳቡን ለወጠ ብለን ባለፍነው። ዶክተሩና ወገኖቹ መልካቸውን መለወጥ የሚችሉት 12 ጊዜ ብቻ ነው የሚለው ሕግ የተደነገገው ግን በዚያው በተወገዘው ታሪክ ውስጥ ነው። በ2013 የገና ክፍል የጊዜው ዋና ጸሐፊ ስቲቨን ሞፋት ለዶክተሩ አዲስ የሕይወት ዙር ሲያስጨምርለት ቀኖና ተጣሰ የሚል ድምፅ አልጠፋም። አፍርሷል የተባለው የሆምስ ቃል በ37 ዓመት ውስጥ የማይነካ የአባቶች ሥርዓት ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ተቋማት አንድን ነገር ከኑፋቄ ወደ ሃይማኖት ለማሻገር መቶ ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

በ1979 ደግሞ ጥፋቱ ሣቅ ነበር። የድርሰት አርታኢው ዳግላስ አዳምስ ድራማውን የተማሪ ቀልድ አድርጎታል ተባለ። ያን ጊዜ በከፊል ፓሪስ ውስጥ የተቀረጸው «ሲቲ ኦቭ ዴዝ» ከ16 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ፤ እርግጥ ተቀናቃኙ አይቲቪ በሥራ ማቆም አድማ ጠፍቶ ስለነበር ሕዝቡ የሚያየው ሌላ ብዙ ነገር አልነበረውም። ዛሬ ያንን ቀልድ በቃሉ የማይወጣ አድናቂ ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ ሁሉ ድራማ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም።

የሒሳብ ችሎታቸውም ሊመሰገን ይገባዋል። ድራማው ወርቃማ የነበረበትን ዘመን እያንዳንዱ አድናቂ ያለ ማመንታት ይነግራችኋል። በእርሱ ላይ የትውልድ ዓመቱን ቀንሱበት፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ፣ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ይቀራል። የተበላሸበትን ዓመት ስትጠይቁት ደግሞ ጢም ያበቀለበትን ይነግራችኋል። በድራማው ውስጥ ከአስፈሪው ፍጡር ሸሽቶ ከሶፋ ጀርባ ይደበቅ የነበረ ልጅ አርባ ዓመት ሞልቶት «አሁን ለምን አያስፈራም?» ብሎ ቢቢሲን ይከስሳል።

ሒሳቡ ደግሞ ለሁሉም እኩል ይሠራል። ድራማው ከረጅም እረፍት በኋላ በመጋቢት 2005 በራስል ቲ ዴቪስ ዋና ጸሐፊነት ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ክፍል ባለጎማ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሰው ውጦ አገሳ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፈሳቸውን እየለቀቁ ምድርን ለመሸጥ አሤሩ። ሽማግሌዎቹ ይህ ነው ወይ የጠበቅነው ብለው ራሳቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ወለል ላይ ተንበርክከው ሲስቁ የነበሩት ሕፃናት አሁን አድገዋል፤ የዚያ ዘመን ጥልቀትና ክብደት እንዴት እንደ ጠፋ በቁጭት ይጽፋሉ።

እንዲያም ሆኖ ከታየው ይልቅ ያልታየው ይበልጥ ይወደዳል። ቢቢሲ በስልሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት ብዙ የድራማውን ቅጂዎች አጥፍቷል፤ ከ90 በላይ ክፍሎች እስካሁን የሉም። ለአድናቂው ይህ ኪሳራ አልሆነበትም፤ የጠፋ ክፍል ምንም እንከን የለውም። «ዘ ቱም ኦቭ ዘ ሳይበርሜን» የተባለው የ1967 ታሪክ ለብዙ ዓመታት በዝና ሲወራለት ኖሮ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሆንግ ኮንግ ተገኘና በቪዲዮ ታተመ። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ያለ ሐሜት የሚያወድሰው ሰው ቀነሰ፤ የካርቶን ግድግዳው ታየ፣ ተዋናዩን የሚያንጠለጥለው ገመድ ታየ። ከናይጄሪያ የተገኘውና በ2013 የወጣው «ዘ ኤነሚ ኦቭ ዘ ወርልድ» በተቃራኒው ሳይታይ ደካማ ሲባል ኖሮ ሲታይ ግሩም ሆነ። ሳያዩ በእርግጠኝነት መፍረድ ያስተማሩን እነዚህ ናቸው፤ ምስጋናችን አይለያቸው።

አንድ ጊዜ ግን እኔም ከለቀስተኞቹ ጋር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። በመጋቢት 1984 «ዘ ኬቭስ ኦቭ አንድሮዛኒ» የተባለው ታሪክ አለቀ፤ ዶክተሩ ገና የተዋወቃትን አንዲት ወጣት ለማዳን ሕይወቱን ይሰጣል። ሳምንት ሳይሞላ «ዘ ትዊን ዲሌማ» ጀመረ፤ አዲሱ ዶክተር ያችኑ የዳነችውን ወጣት አንገት ይዞ ያንቃል። በ2009 የድራማው መጽሔት አንባቢዎቹን ሁሉንም ታሪኮች ደረጃ እንዲሰጧቸው ሲጠይቅ የፊተኛው አንደኛ፣ የኋለኛው መጨረሻ ወጡ። ከሰማይ ጣራ ወደ ጉድጓድ በስድስት ቀን! ድራማ ይበላሻል፤ በዓይናችን አይተናል። አቤቱታ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ጣጣው በየሳምንቱ የሚጮኸውን ሰው የእውነቱ ቀን ሲመጣ ከሌላው ቀን ለይቶ የሚሰማው አለመኖሩ ነው።

ከዓመት በኋላ የሰማቸው ግን ተገኘ። የቢቢሲ አንድ ኃላፊ ማይክል ግሬድ ድራማው ደክሟል፣ ዓመፅም በዝቶበታል በሚል ሐሳብ በ1985 ለ18 ወራት አቆመው። ኃላፊው የተናገረው አድናቂዎቹ ራሳቸው ሲሉት የኖሩትን ነው። ታዲያ እልል አሉ? ተዋናዮችን ሰብስበው ዶክተራችን ተጨንቋል፣ ድረሱለት የሚል ዘፈን አሳተሙ። ገቢው ለበጎ አድራጎት የታሰበ ነበር፤ ዘፈኑ ግን ከሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ ሳይገባ ቀረ። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሕጉም በዚያን ጊዜ ግልጽ ሆነ፤ ሟቹን መስደብ የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው፣ ጎረቤት አብሮ ሲሰድብ ቤተሰቡ ዱላ ያነሣል። በ1989 ድራማው በእርግጥ ሲቋረጥም እንዲሁ ነው። ከመቋረጡ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሲወርድ የነበረውን ትችት አሁን የሚያስታውስ የለም፤ ሊያንሰራራ ሲል በግፍ የተቀጨ ተብሎ ይዘከራል።

የምስጋናዬ ጉልላት ግን የክሪስ ቺብናል ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1986 ቢቢሲ «ኦፕን ኤር» በተባለ የተመልካቾች አስተያየት ዝግጅቱ አድናቂዎችን ጋበዘ። ከመካከላቸው አንድ የ16 ዓመት ልጅ ደራሲዎቹ እየሰሙ ድርሰታችሁ ያረጀ ያፈጀ ነው፣ ከዚህ በተሻለ ሊጻፍ ይችል ነበር ብሎ በጨዋ አንደበት ወቀሳቸው። ፊልሙ እስካሁን አለ፤ ልጁ እውነቱን ነው፣ ድርሰቱ ደካማ ነበር። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ያ ልጅ የድራማው ዋና ጸሐፊ ሆነ። የመጀመሪያዋን ሴት ዶክተር ጆዲ ዊተከርንም ይዞ መጣ። ወዲያውም ከየአቅጣጫው በጨዋነት ያልተገራ ወቀሳ ወረደበት፤ የ1986ቱን ፊልም አውጥተው መልሰው ያሳዩትም ነበሩ።

መጋቢት 1 ቀን 2020 በታየው ክፍል ደግሞ ቺብናል ሃርትነል የመጀመሪያው ዶክተር አልነበረም፣ ከእርሱ በፊት የማይታወቁ ብዙ ሕይወቶች አልፈዋል አለ። የ56 ዓመት ታሪክ ፈረሰ ተብሎ ሰማይ ተደፋ። በጥር 1976 ግን፣ ሁሉም ወርቃማ በሚለው ዘመን፣ «ዘ ብሬይን ኦቭ ሞርቢየስ» በተባለው ታሪክ ከሃርትነል በፊት የነበሩ የሚመስሉ ስምንት እንግዳ ፊቶች በስክሪን ላይ ታይተው ነበር፤ ፊቶቹም የዝግጅት ክፍሉ ሠራተኞች የራሳቸው ነበሩ። ያንን ማንም ፈረሰ አላለውም፤ ሲብስ ሲብስ እንቆቅልሽ አሉት። እኔን ከጠየቃችሁ የ2020ው ክፍል ጥፋት ታሪክ መለወጡ አይደለም። ባላንጣው ቆሞ ያንን ሁሉ ምስጢር እንደ መምህር ሲተርክ፣ ዶክተሯ ታስራ ስታዳምጥ፣ የክፍሉ ዋና ጊዜ አለቀ። የ1986ቱ ልጅ ቢያየው ኖሮ በተሻለ ሊጻፍ ይችል ነበር ማለቱ አይቀርም።

እነዚህን ሁሉ ያዳመጠ ቢቢሲ በ2021 ራስል ቲ ዴቪስ ተመልሶ እንደሚመጣ አስታወቀ። እርሱ ብቻ ነው የሚያድነው ሲሉ የነበሩት ደስ አላቸው፤ በ2023 ሥራው መታየት ሲጀምርም፣ ከአንዳንዶቹ ደስታ ጋር፣ ይህን ሰው ማን ጠራው የሚለው ጥያቄ በሰዓቱ ደረሰ። ዶክተሩን ይጫወት የነበረው ሹቲ ጋትዋ በግንቦት 2025 ሲሰናበት ዶክተሩ የተዋናይቷን የቢሊ ፓይፐርን ፊት ይዞ ተነሣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቢቢሲ በዚህ ድራማ ከአሜሪካው ዲዝኒ ኩባንያ ጋር የነበረው ሽርክና ማብቃቱ ተነገረ፤ ለ2026 ገና ዴቪስ የሚጽፈው አንድ ክፍል እንደሚኖርም ቢቢሲ ገለጸ። አድናቂዎቹ ድራማው በዚህ ጊዜ ያለ ጥርጥር እንደ ሞተ ተስማምተዋል። እስካሁን ያልተስማሙበት ቀጣዩ ዶክተር ማን ይሁን በሚለው ላይ ነው፤ በእርሱም ሌሊቱን ሙሉ ይጣላሉ።