ዓይኔን ግንባር ያድርገው

በቀትር ፀሐይ መነጽራቸውን አናታቸው ላይ ሰክተው የሚሄዱ ሰዎችን ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ የሚምል ሞልቷል። መሐላውን በተግባር ያዋሉት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።

ባለፈው አንዱ አጠገቤ ቆመ። ፀሐዩ አጨናብሶት ቅንድቡ ከጉንጩ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ዓይኑን በመዳፉ ሊጋርድ እጁን ሲያነሳ ጣቶቹ ከመነጽሩ ጋር ተጋጩ። ገፋ አድርጎ ወደ ኋላ አደላደለውና በመዳፉ ጋረደ። ጽናት ማለት ይሄ ነው!

ደግሞስ ፀጉር ሲያንሰው ነው? ከቆዳ በላይ የወጣው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ሙት ደግሞ ይከበራል። ኮርኒያ፣ ያቺ የዓይን የፊት መስታወት፣ ምን ስለሆነች ትጠበቃለች? ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር እንኳ የላትም፤ ኦክስጅን የምታገኘው በአብዛኛው ከአየር፣ በእንባ በኩል ነው።

በዚያ ላይ ጥቃት የሚመክቱ፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ሠራተኞች አሏት። አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባት ሴሎቿ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል አጥቂ ይፈጠራል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይይዘውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያደርገዋል። እሱም ጎጂ ነው። ስለዚህ ካታሌዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ይቀበልና ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ይሸኘዋል። ሥራ ከበዛባቸው ግን ጥቃቱ ያመልጣቸዋል፤ ሴሎቹም ያረጃሉ። በተለይ ከውስጥ በኩል የተደረደሩት፣ ውሃ እያስወጡ ኮርኒያን ጥርት አድርገው የሚያቆዩት። ስንወለድ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ከ3000 በላይ ነበሩ። ከጉልምስና በኋላ በየዓመቱ 0.6 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ፤ የሞተውን የሚተካ አዲስ ሴል የለም። ጎረቤቱ ተለጥጦ ቦታውን ይሸፍናል እንጂ።

ጀግናችን ይህ ሁሉ ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ። ከኪሱ እንክብል አወጣ።

«ምንድን ነው ወንድሜ?» አልኩት።

«አንቲኦክሲዳንት ነዋ! ኢንዛይም አለበት። ለዓይን።»

አደነቅኩት። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ጨጓራ ደግሞ ፕሮቲን ሲመጣለት «ወዴት ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ይፈጨዋል። ይሄኛው ግን በጨጓራ አልፎ፣ የደም ሥር የሌላት ኮርኒያ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ነው መሰለኝ።

ሊውጥ ቀና ሲል መነጽሩ ከአናቱ ወደቀ። ክው አለ። አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ ጭረት እንዳለው ወደ ፀሐይ አቅንቶ በባዶ ዓይኑ መረመረ።

«ተርፏል» አለኝ ደስ ብሎት፤ «ይሄ እኮ አልትራቫዮሌት አያሳልፍም።»

መልሶ አናቱ ላይ ሰካው።